ጋቢ የለበሱት ዓሦች

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ በሰፈረበት ዘመን እኔ አለበል የዓሣ ውሃ ቀጂ ነበርኩ። አትሳቁ። የሰው ውሃ የሚቀዳ ሌላ፣ የበቅሎ ውሃ የሚቀዳ ሌላ ነበር፤ የኔ ድርሻ የዓሣ ነው። ከማወራው ነገር ሦስት እጁ እውነት ነው። አራተኛው እጅ ጨው ነው፤ ያለ እሱ አይጥምም።

ጌታዬ ካፒቴን ፓርዲኒ ይባላል፤ አጭር፣ ፊቱ የቀላ፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው። ሌሎቹ ሹሞች ከአገራቸው ሲመጡ መድፍ ሲያስጭኑ እሱ የመስታወት ሣጥን አስጭኖ መጣ። ሣጥኑ የቤተ ክርስቲያን ያህል ነበር። እሺ፣ የረጅም ሰው ሬሳ ሣጥን ያህል ነበር። እሱን ከሳሎኑ መስኮት ሥር አቁሞ ውሃ ሞላውና ዓሣ ለቀቀበት። ሦስቱ ከአገሩ ያመጣቸው ወርቅማ ናቸው፤ ሁለቱ ከጣና የመጡ ቆሮሶዎች፤ አንዱ ደግሞ ሥር ተጋድሞ እንደ አጥቢያ ዳኛ ጢሙን የሚያወዛውዝ ትንሽ አምባዛ ነው። ከወርቅማዎቹ ትልቋን በእናቱ ስም ሮዚና ብሏታል። ጠዋት ጠዋት አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ይለጥፍና «ኦሮ ሚዮ» ይላታል፤ «ወርቄ» ማለቱ ነው። እኔ ከጣሊያንኛ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ኦሮ» ነው። ሁለተኛውን እዚህ አልጽፈውም፤ ባልዲ ሲደፋ የሚባል ነው።

አንድ ቀን ካፒቴኑ የዚህ የደጋው ዓሣ ምን ዓይነት ነው ብሎ አስጠየቀኝ። ጥያቄ ደግሞ ባዶ እጁን ሲመለስ አልወድም። በጨሞጋ ወንዝ ውስጥ እሑድ እሑድ ወደ ምሥራቅ የሚሰግድ ዓሣ አለ አልኩ። በማግስቱ ጨሞጋ ወርጄ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነጠላዬን ስዘረጋ ውዬ፣ ጣት የማታክል አመድማ ዓሣ ይዤ መጣሁ። ለብቻው ማሰሮ ውስጥ ጥቂት ቀን ይሰንብት፣ ጤናው ይታይ ያለ ሰው የለም። በቀጥታ ከነሮዚና ጋር ቀላቀልኩት። እሑድ ሲደርስ ካፒቴኑ ወንበር አስመጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ዓሣውም ከሥር አሸዋ ሊለቅም ራሱን ደፍቶ ጭራውን ሽቅብ አነሣ። ካፒቴኑ አጨበጨበ። እኔ ራሴ ለጥቂት ጊዜ አመንኩ።

በስምንተኛው ቀን ሮዚና ጨው የተነሰነሰባት መስላ አደረች። በማግስቱ ሦስቱም ወርቅማዎች፣ ከዚያ ቆሮሶዎቹ፣ ከዚያ ዳኛው አምባዛ ሳይቀር ነጭ በነጭ ነጥብ ሆኑ። እከክ እንደያዘው በሬ ከድንጋዩ ጋር ይታሻሉ፤ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይተነፍሳሉ። የሰጋጁ ዓሣ ገላ ላይ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከክንፉ ሥር። ወጥ ቤቷ የብርጓል እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጥታ አየችና፣ «አለበል፣ ይህ መነኩሴህ ከመስገዱ በፊት ታጥቦ ነበር?» አለችኝ። 

የኔ አንገት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ቆላ እሮጥ ነበር። ነገር ግን በዚያው ወር የኔታ ታስረዋል።

የኔታ ያልኳችሁ መሪጌታ ወልደ ሰንበትን ነው፣ የደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር። ቅኔ እንደምታውቁት ሰም አለው፣ ወርቅ አለው፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁ ከውስጥ የተደበቀው። እኔ እሳቸው ዘንድ ገብቼ ከጉባኤ ቃና፣ ከሁለቱ ቤት፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ሳላልፍ ጠፋሁ። ከእኔ ጋር አብሮ የተማረው አስማማው ግን እስከ ስምንቱ ቤት፣ እስከ መወድስ ዘለቀ። ከዚያ ምጽዋ ወርዶ ጣሊያንኛ ለመደና የካፒቴኑ አስተርጓሚ ሆኖ ተመለሰ። ስሙ አስማማው ነው፣ ሥራው ግን ማጣላት። ሰው ምንም ይናገር ምን፣ እሱ ወርቁን ይፈልጋል። አንዲት ባልቴት ዶሮዬን ጭልፊት ወሰደብኝ ብላ ብታመለክት፣ ጭልፊቱ መንግሥት ነው ብሎ አሳስሯታል።

የኔታ በበዓል ቀን ነጭ ደመና ፀሐይን እንደጋረደና ነፋስ እንደሚገፋው የሚል ቅኔ ተቀኙ። አስማማው ለካፒቴኑ ደመናው እናንተ ናችሁ፣ ነፋሱ አርበኛው ነው ብሎ ተረጎመ። የኔታ ተይዘው ሲጠየቁ፣ ደመናው ነጭ ስለነበር ነጭ አልኩ፣ ጥቁር ቢሆን ጥቁር እል ነበር አሉ።  በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሰኞ፣ እስረኛ የሚጭነው መኪና ይመጣል ተባለ። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየንም።

እኔም የዓሣውን ነጥብና የየኔታን ሰንሰለት አንድ ላይ አሰብኩ። ከዚያ ካፒቴኑ ፊት ተንበርክኬ፣ በጎጃም ምድር የዓሣ ሕመም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እርስዎ ያሰሩት ነው አልኩ። አስማማው ሳቀብኝ። የኔታና ዓሣ የሚተዋወቁት በዮናስ መጽሐፍ ብቻ ነው፣ እዚያም ታማሚው ዓሣው አይደለም አለ። ካፒቴኑ ግን ሮዚናን እያየ ዕንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። ዓሦቹ ከዳኑ ሽማግሌው ይፈታል፣ ከሞቱ ሁለታችሁም መኪናው ላይ ናችሁ ብሎ ወሰነ። የኔታን አመጧቸው።

በር ላይ ሰንሰለቱ ሲፈታላቸው ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «ምን ብለህ ነው ያስወጣኸኝ?» አሉኝ።

«የዓሣ መድኃኒት ያውቃሉ ብዬ ነው፣ የኔታ።»

«አላውቅም እኮ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

«እኔ አልዋሽም፣ አለበል።»

«የሚዋሸውን እኔ እዋሻለሁ። እርስዎ ብቻ ይመልከቱልኝ።»

ተመለከቱ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሣጥኑ ፊት ቁጭ ብለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተመለከቱ። ካፒቴኑ ጸሎት መስሎት በእግሩ ጣት ይራመድ ነበር። ነጥብ ይቆጥሩ ኖሯል። ከአንዱ ቆሮሶ ጭራ ላይ ሰባት ነጥብ ቆጥረው፣ ከሰዓት በኋላ አራት ሆኖ አገኙት፤ ሦስቱ ወድቀዋል። በማግስቱ ግን አሥራ አንድ ሆነ። ያኔ ጭናቸውን መታ አደረጉና በሬ ላይ ያለ መዥገር ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁኝ። ደም ይጠጣል፣ ሲጠግብ ይወድቃል አልኩ። ከወደቀስ በኋላ? ሣር ውስጥ ይፈለፍላል፣ ልጆቹ ሌላ በሬ ይፈልጋሉ። በደጋና በቆላ የቱ ጋ ቶሎ ይፈለፈላል? ቆላ ነዋ፣ ሙቀቱ ነው የሚያጣድፈው። እንዲህ እየጠየቁ እኔን መላሹን ሊቅ አስመሰሉኝ፤ መድኃኒቱን ግን እሳቸው ይዘውት ተነሡ።

ከዚያ ካፒቴኑ ተጠርቶ፣ አስማማው መሃል ቆሞ፣ የኔታ በዝግታ ተናገሩ።

«ነጮቹ ካልወጡ እነዚህ አይተርፉም። ላያቸው ላይ ተጣብቀው ሳሉ የሚደርስባቸው የለም። ጠግበው ሲወርዱ ግን ሞቱ እንዳትሉ፤ ሥር ተኝተው ይፈለፍላሉ። ስለዚህ ቤቱን እናሙቅባቸው፣ ቶሎ ይውጡ። ሲወጡ ጨው ይጠብቃቸው። የተኙትንም ከሥር እንጥረግ።»

አስማማው ወርቁ ጆሮው ውስጥ ሲወድቅ አየሁት። ዓይኑ በራ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ ለካፒቴኑ ቃል በቃል ተረጎመለት፤ ካፒቴኑም ዓይኑን ከሮዚና ሳይነቅል ራሱን ነቀነቀ። አስማማው ያልተደነቀለት ወርቅ ይዞ ቀረ።

ሥራው ተጀመረ። የብርጓል አሞሌ ጨው ፍቃ ፍቃ በሳህን ታመጣለች። የኔታ በአንድ ጊዜ አልጨመሩትም። ዛሬ እፍኝ፣ ነገ እፍኝ፣ ከነገ ወዲያ እፍኝ፤ እሱንም በሙቅ ውሃ አሟሙተው። የቀሩት ቅርፊት ለብሰዋል፣ ይህ አምባዛ ግን ራቁቱን ነው፣ ጨው ያቃጥለዋል፤ ሾርባ አይደለም የምንሠራው አሉ። እኔ በየጠዋቱ የውሃውን ሲሶ እቀይራለሁ። አዲሱን ውሃ ቀድሜ አሰነብተውና በክርኔ እየለካሁ ሙቀቱን ከሣጥኑ ጋር አስተካክላለሁ። አሮጌውን የምቀዳው ከጭነት መኪና በተቆረጠ የጎማ ቱቦ ነው፤ አንዱን ጫፍ ሥር ካለው አሸዋ እነክረዋለሁ፣ ሌላውን በአፌ እስባለሁ። አንዳንዴ ከሚገባው በላይ እስባለሁ። ስንት ነጭ እንደዋጥኩ እግዜር ይወቀው፤ እስከ ዛሬ ቆዳዬ ሲያሳክከኝ እጠረጥራለሁ።

ሙቀቱን ብታዩት! አራት የከሰል ምድጃ በየማዕዘኑ ተቀመጠ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ሣጥኑ የየኔታን ጋቢ ለበሰ፣ በላዩ የካፒቴኑ ካፖርት ከነኮከቡ ተደረበ። ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር ያ ሳሎን ዓባይ በረሃ ሆነ። ካፒቴኑ በካናቴራ ይፈርዳል። ለመሬት ክርክር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላባቸውን እየጠረጉ መሬቱን እኩል ተካፍለው ወጡ። ጠረጴዛው ላይ የተረሳ እንቁላል ተፈልፍሎ ጫጩት ሆነ። ይህችኛዋ ጨው ናት።

ሥራው በተጀመረ በአራተኛው ቀን ዓሦቹ ጠርተው አደሩ። አንድም ነጥብ የለም። ካፒቴኑ ጨፈረ፤ እኔንም ወገቤን ይዞ አስጨፈረኝ። ጋቢውን ገፈፈ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ከሰሉን አስወጣ። የኔታ፣ ነጮቹ አልወጡም፣ ወረዱ እንጂ ቢሉም የሰማቸው የለም። የመፍቻ ወረቀት እስኪጻፍ ተብሎ ወደ እስር ቤታቸው መለሷቸው። ሲሄዱ ጋቢያቸውን እንኳ አላስያዟቸውም፤ ካፒቴኑ ማስታወሻ ይሁነኝ ብሎ አስቀረው።

በሁለተኛው ቀን ነጮቹ እጥፍ ሆነው ተመለሱ። ከወርቅማዎቹ ትንሿ በጎኗ ተንሳፈፈች፣ ሞተች። ካፒቴኑ ቆቡን ሳያደርግ ጋቢውን ታቅፎ እስር ቤት ድረስ ሮጠ። ሹም የእስረኛን ጋቢ ተሸክሞ ሲሮጥ ያየ ዘበኛ ሁሉ መሣሪያውን አቀባበለ፤ አመፅ የተነሣ መስሎታል። ካፒቴኑ በየኔታ ትከሻ ላይ ጋቢውን በገዛ እጁ አለበሰና በዓይኑ ለመናቸው። የኔታም ተነሥተው መጡ። ዓሦቹም ጋቢውን መልሰው ለበሱ።

ከዚያ ወዲያ ካፒቴኑ የየኔታ ደቀ መዝሙር ሆነ። ምድጃውን ራሱ ያራግባል። የኔታ በየጠዋቱ ውሃውን ሲያዩ «እህ፣ ነጮቹ ዛሬም አልሄዱ» ወይም «ዛሬስ ጥቂት ነጭ ወጣ» ስለሚሉ፣ ከአማርኛ ለይቶ ያወቃቸው ቃላት እነዚህ ሆኑ። ነጭ። ውጣ። ሂድ። ከነጥብ ቆጠራውም ሁሉ፣ አንድ፣ የለም። ቡናውን ሲጠጣ ሳይቀር ይለማመዳቸዋል። አስማማው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ማስታወሻውን ያወጣና መልሶ ኪሱ ይከተዋል። የየኔታን ቃል ሁሉ ከነቀኑ እየጻፈ ነበር፤ መኪናው ሲመጣ ከፋይላቸው ጋር ሊልክ። ዓሦቹ ቢድኑም እንኳ ይህ ወረቀት ሽማግሌውን ያስጭነዋል ሲል የብርጓል በበር ቀዳዳ ሰምታዋለች። ለእኔም ነገረችኝ። ለየኔታ ነገርኳቸው። ቱቦውን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰኞ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ቅዳሜ ደረሰ። የገበያ ቀን ነው። ከቁይ የመጣው፣ ከደብረ ወርቅ የመጣው በካፒቴኑ በረንዳ ሥር በሚያልፈው መንገድ እህሉን ጭኖ ይጎርፋል። እኛ ውስጥ ሆነን እንቆጥራለን። ቆሮሶዎቹ ንጹሕ፣ አምባዛው ንጹሕ፣ ሰጋጁ ንጹሕ፣ ሁለተኛዋ ወርቅማ ንጹሕ። ሮዚና ጭራ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታለች። ካፒቴኑ በካናቴራው ተንበርክኮ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ሮዚና ጭራዋን አወዛወዘች። ነጥቧ ወደቀች። እኔም በቱቦው ስቤ አወጣኋት፤ ዋጥኳትም መሰለኝ።

ካፒቴኑ ዘሎ ተነሣ። በሩን በሆዱ ከፍቶ በረንዳው ላይ ወጣና፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ የሚያውቀውን አማርኛ በሙሉ በገበያተኛው ላይ አፈሰሰው።

«ነጭ ውጣ! ነጭ ሁሉ ሂድ! አንድ ነጭ የለም!»

ገበያው ቀጥ አለ። አህያ እንኳ አልጮኸም። ሰው ሁሉ ሽቅብ አንጋጦ በካናቴራ የቆመውን ጣሊያን ያያል። ካፒቴኑ ያልሰሙት መስሎት ደገመላቸው። ያን ጊዜ ከጤፍ ሻጮቹ መሃል አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያማ እልልታው ከላይ እስከ ታች ገበያውን አዳረሰው። የብርጓልም ከወጥ ቤት ማማሰያዋን እንደያዘች ወጥታ እስክስታ ወረደች። ካፒቴኑ ሕዝቡ ለሮዚና ይህን ያህል መቆርቆሩን ሲያይ ልቡ ተነክቶ ወደ ሕዝቡ እጅ ነሣ። ይህ ጨው አይደለም። በቱቦው የዋጥኩት ነጭ ይመስክር።

አስማማው ከጽሕፈት ቤቱ እየሮጠ ደረሰ። ትንፋሹ ተቆራርጧል፣ ማስታወሻው እጁ ላይ ተገልጧል። ለካፒቴኑ በጣሊያንኛ የሆነ ነገር ያጣድፋል። ከሁሉ አንዲቱን ቃል ለየኋት። ኦሮ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ወርቅ አለ፣ ወርቅ ተደብቋል ማለቱ ነው።

ካፒቴኑ ፊቱ ፈካ። አስማማውን ክንዱን ይዞ ጎተተና ሣጥኑ ፊት አቆመው፤ በጣቱም ሮዚናን እያሳየ «ሲ፣ ሲ! ኦሮ! ኦሮ ሚዮ!» አለው። ወርቁ ያውልህ፣ ከውሃው ውስጥ። አስማማው ኦሮ አይደለም ሲል፣ ካፒቴኑ ሮዚና የተሰደበች መስሎት ተቆጣ። አስማማው ደግሞ፣ አይ፣ ኦሮ ነው፣ ግን ሌላ ኦሮ ሲል፣ ካፒቴኑ ሁለተኛዋን ወርቅማ አሳየው።

የኔታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ያሞቁ ነበር። ቀና ብለው በለሆሳስ ተናገሩ።

«ልጄ አስማማው። የኔ ነጭ ጣሊያን ከሆነ፣ የካፒቴኑ ነጭ ማነው?»

አስማማው አፉን ከፈተ። ዘጋው። መልሶ ከፈተው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ሮዚናም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ከሁለቱ ማን ማንን እንደሚያስተምር አልታወቀኝም። ወርቁን ቢተረጉም፣ ጌታው በገበያ ቀን ከገዛ በረንዳው ላይ ጣሊያን ይውጣ ብሎ አውጆ እልልታ እንደተቀበለበት መተርጎሙ ነው። ወርቁን ቢተው፣ ነጭ ነጭ ነው፤ የየኔታም ደመና ደመና ነው። እስከ መወድስ የዘለቀ ሰው ስለሆነ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ማስታወሻውን ዘጋ። ከሰሉ ላይ ጣለው፤ ቤቱ ትንሽ ሞቀ።

«ሰም ብቻ ነው፣ የኔታ» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

«ጥሩ ተማሪ ነበርክ» አሉት።  እሱም ካፒቴኑ ዘንድ ሄዶ፣ ያ የበዓሉ ቅኔ የአየሩን ሁኔታ የሚናገር ነበር፣ እኔ ተሳስቻለሁ ብሎ ጻፈና አስፈረመ።

ወዲያው እንውጣ ብዬ እጃቸውን ብስብ የኔታ እምቢ አሉ። የመጨረሻዋ ነጥብ ከወደቀች በኋላ ስምንት ቀን መጠበቅ አለበት፣ የተኛ እንዳይቀር አሉ። ሰኞ ዕለት የእስረኛው መኪና መጥቶ ጥሩንባውን ሲያሰማ እሳቸው እጃቸውን እስከ ክርን ውሃ ውስጥ ነክረው አሸዋ ያጥቡ ነበር። ጥሩንባው ሲጮህ እኔ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። እሳቸው ጠጠሩን አቀብለኝ አሉ።

በስምንተኛው ቀን ካፒቴኑ የፈለጉትን ይጠይቁ አላቸው። ጋቢያቸውንና ያንን የጨሞጋ ዓሣ ጠየቁ። ሰጋጁን መስጠት ከብዶት ነበር፣ ግን ሰጠ። ዓሣውን በቅል ይዤ ከየኔታ ኋላ ኋላ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

«ሁሉም ሲታመም እሱ ብቻ አንዲት ነጥብ ነበረችው» አሉ መንገድ ላይ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «እሱ ነው ይዞት የገባው፣ አይደለም?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እሱንስ ማን ይዞት ገባ?»

ቅሉ ውስጥ ያለውን ዓሣ አየሁት፤ እሱም አልመሰከረልኝም።  ከእንግዲህ ከዚያ ቤት ወጥቼ ደብረ ወርቅ እንድመለስና ጉባኤ ቃናዬን እንድጨርስ ፈረዱብኝ። ከመኪናው ይሻላል ብዬ ተቀበልኩ።

ወንዙ ዳር ቆመን ሳለ ሰማዩን አየሁና አልቻልኩም፣ ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ ያ ደመና ግን እውነት ደመና ነበር?»

እሳቸውም ሽቅብ አዩ። ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

«ነጭ ነበር» አሉ።

ቅሉን ዘቅዝቄ ዓሣውን ለቀቅኩት። ወደ ሥር ወረደ፣ ራሱን ወደ ምሥራቅ አዞረ፣ ሦስት ጊዜ ሰገደ። እሑድ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱን ለጨው ተዉልኝ።